ሰላም ብለህ ቅደም

አሰላሙ ዓለይኪ ዘይኔ፣

በኢትዮጵያ ምድር ከእኔ የፈጠነ ሰው የለም። በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። እሺ እሺ፣ አትቆጪ፤ ከተቀመጥኩበት ወንበር ፈቀቅ ሳልል ነው፣ መኪናዋም ቴሌቪዥን ውስጥ ያለች መኪና ናት። ቢሆንም በስድሳ ሦስት ዓመቱ ይህን ያደረገ የሐይቅ ከተማ ሽማግሌ ካለ ይምጣና ይቀመጥ፣ እናያለን።

ከተለያየን ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ እንዳይመስልሽ፤ ፊደል ስለማላውቅ ነው። አሁን አውቃለሁ። የማታ ትምህርት ገብቼ ጨረስኩ። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ ልልሽ ነበር፣ ግን የሸህ አሊ ሚስት ትበልጠኛለች። መምህርታችን ጽጌ በመጨረሻው ቀን «ለምትወዱት ሰው ደብዳቤ ጻፉ» አለችን። ሌሎቹ አረብ አገር ላሉ ልጆቻቸው ጻፉ። እኔ እጄን አውጥቼ «ለሞተ ሰው ይቻላል ወይ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «አድራሻውን ካወቁት ይቻላል» አለችኝ። አድራሻሽንማ አውቀዋለሁ፤ ከመስጂዱ በላይ፣ ወይራው ሥር፣ ከእናትሽ ቀጥሎ። ጽፌ ስጨርስ መጥቼ አነብልሻለሁ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። አንቺ የሄድሽው ሰው ሁሉ ለውጥ መጣ ብሎ ደስ ባለው ሰሞን ነው። ከዚያ የመጣውን ባለማየትሽ አንዳንድ ቀን አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ፈረሳችን ዳማ ጦርነቱ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ የሰፈሩን አሮጊትና ነፍሰ ጡር ጭኖ ወደ አርዲቦ በኩል ሲመላለስ ሰነበተ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ጋሪው ጓሮ ቆሟል፣ ዶሮዎች ያድሩበታል። መንገዱን ባጃጅ ወርሶታል። ባጃጆች ሲቀድሙሽ ጥሩምባ እንጂ ሰላምታ የላቸውም።

ልጃችን ራህመት ከመናኸሪያው ጀርባ ጌም ቤት ከፍታለች። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የከፈተችው። ወጣቱ እየገባ ኳስ ይጫወታል፣ መኪና ይነዳል። እኔ ከቀብርሽ በኋላ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ አላስችል አላትና አንድ ቀን ጎትታ ወሰደችኝ። መሪ አለ፣ ፍሬን አለ፣ ነዳጅ መስጫ አለ፣ ሁሉም ከጠረጴዛ ጋር የታሰረ። «ንዳ አባ» አለችኝ።

መኪኖቹ የአሜሪካን አገር መኪኖች ናቸው፤ የቤት መኪና ይመስላሉ፣ ግን ለእሽቅድምድም የተሠሩ ናቸው። መንገዱ እንደ እንቁላል ክብ ሆኖ ሁልጊዜ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚዞረው። ደስታዬን ገምቺው! ዳማ ዕድሜ ልኩን ወደ ቀኝ መዞር እንቢ ያለ ፈረስ አልነበረም ወይ? እኔ ለዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ስለማመድ ኖሬያለሁ። አንድ ያስገረመኝን ልንገርሽ። የመኪኖቹ የፊት መብራት መብራት አይደለም፣ የተለጠፈ ሥዕል ነው። ጥሩምባም የላቸውም። ታዲያ ልቅደም ሲል ሰው በምን ይነጋገራል? እኔ አልጠየቅኩም። ልቅደም ስል ገፋሁ።

ጨዋታው በኔትወርክ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የደሴ፣ የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳ፣ የመቐለ ልጆች ሁሉም በየቤቱ ተቀምጦ አንድ መንገድ ላይ ይገናኛል። መኪናዋን የሻሽሽን ቀለም ወይን ጠጅ ቀባናት። ስም አስገባ ሲል ስምሽን አስገባን። ዘይነባ! ዘይነባ ኩርባው ላይ ገብታ አንዱን ወደ ግድግዳው፣ አንዱን ወደ ሣሩ ታሽቀነጥራለች። እኔ ከወንበሬ እየዘለልኩ እስቃለሁ። ከሄድሽ በኋላ የመጀመሪያው ሳቄ እዚያ ነበር።

ከውድድሩ በኋላ ነጂዎቹ በስልክ ግሩፕ ይጻጻፋሉ። ስልኬ ውስጥ ይገባል፣ እኔ ግን አላነብም። ቢሆንም ስምሽን ከመኪናዋ ላይ በቅርጹ ለይቼው ነበርና ደጋግሞ ሲመጣ አያለሁ። «ምን ይላሉ?» እላታለሁ ራህመትን። «'ዘይነባ ጎበዝ ናት' ይላሉ አባ» ትለኛለች። ጫት ቤት ሄጄ ስንት ጉራ እንደነዛሁ አልነግርሽም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ የመቐለው ልጅ ሀብቶም ጠፋ፤ የእነሱ መስመር ተቋርጦ ነበር። በኋላ የእኛም ተቋረጠ። ጌም ቤቱ ቴሌቪዥን አልተረፈለትም። መሪውን ግን ራህመት ጎተራ ውስጥ ማሽላ ሥር ቀብራው ነበር። ከሽሽት ስንመለስ ማሽላውም መሪውም አለ። ሰው ማሽላው በመትረፉ ሲደሰት እኔ መሪውን አቅፌ ቆሜ አየኝና «ይህ ሰውዬ ነካ አድርጎታል» አለ።

ትምህርቱን የጀመርኩት ኔትወርኩ ገና ሳይመለስ ነው። መምህርት ጽጌ «እጃችሁ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ለማንበብ ሞክሩ» አለችን። የሳሙና ወረቀት አነበብኩ። የመድኃኒት ቤቱን ታፔላ አነበብኩ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ጌም ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብዬ የስልኬን የድሮ መልእክት ከፈትኩ። ስምሽ አለ። ከስምሽ ቀጥሎ ያለውን ቃል ፊደል በፊደል ያዝኩት። ባ። ለ። ጌ።

ሌላ ቃል ይሆናል ብዬ እንደገና አነበብኩ። ወደ ላይ ጎተትኩ። «ዘይነባ መጣች፣ ሽሹ።» ወደ ላይ ጎተትኩ። «ይቺ ዘይነባ አሳዳጊ የበደላት ናት።» ይህን የጻፈው ሀብቶም ነው፤ በስድስት ቅዳሜ ስድስት ጊዜ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁና እውነቱን ነው። ግን አሳዳጊ የበደላት? አንቺን? ዓሣሽን ለመግዛት የመጣ ሰው ሰላምታ ሳይጨርስ ዋጋ የማትነግሪውን አንቺን?

ራህመትን ጠርቼ ስልኩን አሳየኋት። አንብቤው እንደሆነ ፊቴን አይታ ገባት። «አባ፣ እየሳቅክ ነበር» አለችኝ። እኔም አልተቆጣኋትም። ልጅሽን እንደ አንቺ ነው ያሳደግሻት።

ዘይኔ፣ እንደ ምን እንደተያየን ታስታውሻለሽ አይደል? ከሐይቁ ዳር ወደ ገበያ ስትሄዱ በአጎትሽ ጋሪ ላይ ከዓሣሽ ጋር ተቀምጠሽ ነበር። እኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ፣ ባለ አዲስ ፈረስ፣ ከኋላ መጥቼ ምንም ሳልል አልፌያችሁ ሄድኩ። አቧራዬ ዓሣሽ ላይ ተነሰነሰ። «አንተ ባለ ፈረስ! እኛ ሰው አይደለንም ወይ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሪ ነጂ ጋሪ ሲቀድም ከኋላ ሆኖ ሰላም ይላል፣ በየት በኩል እንደሆነ ይናገራል፣ እለፍ ሲባል ያልፋል። ደንቡን አጥቼው አይደለም፣ ጥጋብ ነው። ቆምኩ። «ተመለስ» አልሽኝ። «ከኋላችን ግባና ሰላም ብለህ ቅደም!» የጫንኳቸው ሰዎች እየተሳደቡ ፈረሱን አዙሬ ከኋላችሁ ገባሁ። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ በግራ ነኝ፣ ልለፍ?» አልኩ። አጎትሽ ሳይሆን አንቺ መለስሽ። «ወዓለይኩም ሰላም፣ እለፍ።» በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ቀደምኩሽ፤ ከዚያ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከኋላሽ ተከተልኩ።

እንግዲህ ኔትወርኩ ሲመለስ ራህመት ቴሌቪዥን ገዛች፣ ውድድሩም እንደገና ሊጀመር ሆነ። ግሩፑ ላይ የመጣውን አሁን ራሴ አነባለሁ። «ዘይነባ ካለች እኔ የለሁም» አለ አንዱ። ሌላውም እንደዚያው። የሚያስተባብረው የአዲስ አበባ ልጅ «አንድ ቅዳሜ እንያት። አንድ ሰው ከገፋች ስሟ ይሰረዛል» ብሎ ጻፈ። በዚያው ቀን ከመቐለ አንዲት ቃል መጣች። «አለሁ።» ሀብቶም ነው። ስንት ሰው ደስ እንዳለው! እኔም ደስ አለኝ፣ ወላሂ። ከዚያ ደግሞ ፈራሁ።

በሕይወቴ የመጀመሪያውን መልእክት ጻፍኩ። ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። «እሺ። ዘይነባ።»

ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ተለማመድኩ። ራህመት ደንቡን አስነበበችኝ፤ እያንዳንዱ መስመር የጋሪ ደንብ ነው። ጎማህ ከጎማው ካልተስተካከለ ኩርባ ውስጥ አትግባ። ጎን ለጎን ከሆናችሁ የእሱን መንገድ ተውለት። ዙር የደረበብህ ሲመጣ ዳር ያዝ። ከፊት ያለውን በቀጥታው መንገድ በቀስታ መግፋት ትችላለህ፣ ሁለታችሁም ትፈጥናላችሁ፤ ኩርባ ላይ ከገፋኸው ግን ነውር ነው። ማይክ ያለው ማዳመጫም ገዛችልኝ፤ ለካ መብራትና ጥሩምባ የሌለው በአፍ ይነጋገራል!

ቅዳሜ ሃያ ሁለት መኪና ተሰለፈ። እኔ አሥራ ስምንተኛ። ደርሼ ከእያንዳንዱ ጀርባ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ በውስጥ በኩል ነኝ፣ ልለፍ?» እላለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። አንዱ «ይሄ ሽማግሌ ማነው?» አለ። ከዚያ አንድ የደሴ ልጅ «ወዓለይኩም ሰላም ጋሼ፣ ይለፉ» አለና ቦታ ለቀቀልኝ። አሥራ ስድስት ሰው በሰላምታ አለፍኩ ዘይኔ! ቅቤ ላይ የሚሄድ ቢላ ሆንኩ። ሦስት ዙር ሲቀር ከፊቴ የቀረው አንድ መኪና ነው። ሀብቶም።

ጀርባውን ይዤ ተከተልኩት። ነፋሱን እሱ ይሰብርልኛል፣ እኔ እቀርባለሁ። ሰላም ልል አፌን ስከፍት ኩርባው ደረሰ። ፍሬን ለመርገጥ ዘገየሁ። ትንሽ ነው፣ የፈረስ እርምጃ አይሆንም። ነካሁት። መኪናው ዞረች፣ ዞረችና ሣሩ ላይ ቆመች።

ጆሮዬ ላይ ጩኸት ሆነ። «አበቃ! ዘይነባ ውጪ!» አለ አስተባባሪው። መንገዱ ከፊቴ ባዶ ነው፣ ነዳጅ ብረግጥ አንደኛ ነኝ። እግሬ ግን ፍሬኑ ላይ ሄደ። ከሣሩ ጥግ ቆምኩ።

«ምን እየሠራህ ነው? ሂድ እንጂ!» አለኝ ሀብቶም።

«ቅደም» አልኩት። «ከኋላህ እገባለሁ። ሰላም ሳልልህ አላልፍህም።»

ሳቁን ለቀቀው፤ እንዲህ ያለ ሳቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። መኪናውን አዙሮ ወጣ፣ እኔ ከኋላው። በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ በግራ ነኝ፣ ልለፍ?» አልኩት። «ከቻሉ ይለፉ አባቴ!» አለኝ። ጎን ለጎን ደረስን። እሱ አንደኛ፣ እኔ በአንድ የፈረስ አፍንጫ ተበልጬ ሁለተኛ ወጣሁ።

ሲያበቃ ሀብቶም «ዘይነባ ማን ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም እየሰማ ነገርኩት። ዓሣውን፣ አቧራውን፣ ተመለስ ማለትሽን። «ባለጌው እኔ ነበርኩ፣ እሷ አይደለችም» አልኩ። ሀብቶም «ቤት ደህና?» አለኝ። «ያለነው ደህና ነን» አልኩት። «እኛም ያለነው» አለኝ። ከዚህ ያለፈ አልተጠያየቅንም።

ማታ ግሩፑ ላይ አስተባባሪው ስምሽን መሰረዙን ትቶ ያወጣውን አዲስ ደንብ ራሴ አነበብኩ። ራህመት ልታነብልኝ ስትጠጋ ከለከልኳት። ቃል በቃል ይኸውልሽ። «ገፍቶ የቀደመ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ከኋላ ይገባል፣ ሰላም ብሎ ይቀድማል። ይህ የዘይነባ ደንብ ይባላል።» ሥሩ ሀብቶም «አሳዳጊዎቿን አላህ ይማር» ብሎ ጽፏል። ክርስቲያን ሆኖ አላህ ያለው ለአንቺ ብሎ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት የሐዋሳ ልጆች ሲጣሉ አንዱ ሌላውን «ዘይነባ አድርግ!» ሲለው ሰማሁ። ሌላውም ቆሞ ጠበቀው። አንቺን በዓይናቸው አይተውሽ አያውቁም፤ ምናልባት ሐይቅንም። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ መሐረብ ስፈልግ መኪናዬ ግድግዳ መታች።

እጄ መሪ እስከያዘ ድረስ ስምሽ በሩ ላይ ይኖራል። እጄ ሲዝል ራህመት ትቀጥላለች፣ ቃል አስገብቻታለሁ። አንቺ ጋ ስመጣም ከኋላ መጥቼ በድንገት አልገባም፤ ሰላም እላለሁ፣ በየት በኩል እንደሆንኩ እናገራለሁ።

እንግዲህ መቃብርሽ ራስጌ ቆሜ ላነበው ነውና ውሸት ይዤ አልመጣም። ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። ሁለተኛ አልወጣሁም፣ ሰባተኛ ነኝ፤ ሀብቶምም ስድስተኛ ነው። ሣሩ ጥግ ቆመን ሳለ አምስት መኪና አልፎን ሄዷል።

አምስቱም ግን ሰላም ብለው ነው ያለፉን።

ያንቺው ሰይድ