ከጉሙ የወጣው ሰውዬ

ይድረስ ለወንድሜ ለአያ አድማሴ፣ አዲስ አበባ።

እንደምን ከርመሃል? እኛን ከጮቄ ብርድ በቀር የነካን የለም፤ ተመስገን። ገብሱ ደህና ይዟል፤ ላሟም ወልዳለች።

ባለፈው ክረምት ጮቄ ላይ የጠፋውን አውሮፕላን መቼም ሰምተሃል። ፊልም አንሺዎች ሮብ ገበያ ድረስ መጥተው ነበር። «ጉም ነው የዋጠው» ያለውን ሰው ሁሉ ጥለውት ያልፋሉ። የአባባን ጨዋታ ታውቀዋለህ፤ መጀመሪያ «ድምፁን ሰምቻለሁ» አሉ። ካሜራው ሲዞርላቸው «ሲወድቅም አይቻለሁ» አሉ። ወደ ማታማ «ሳጥን የያዘ ሰውዬ ከጉሙ ወጥቶ ቤታችን አደረ» አሉልህ! አውሮፕላኑ የጠፋ ቀን እኮ ከእኔ ጋር የሚያፈሰውን ጣራ ሲከድኑ ነው የዋሉት።

ፊልሙ ደብረ ማርቆስ ታየ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ካፖርት የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡና «ያ ሰውዬ ወዴት ሄደ?» አሉ። ሳጥኑን ፍለጋ ጎተራችንን ገለበጡት። «አባባ፣ ኧረ አላየሁም ይበሉ!» ብላቸው «በአገር ፊት የተናገርሁትን ቃል ላጥፍ?» ብለው ተቆጡኝ።

ሰኞ ደብረ ማርቆስ ይምጡ ተብለዋል። እሳቸው ካሜራው የተመለሰ መስሏቸው ጋቢያቸውን አሳጥበው፣ ጢማቸውን ተስተካክለው ቀኑን ይጠብቃሉ።

ምናልባት አንተንም የሚጠይቅህ ሰው ቢመጣ፣ አባባ አውሮፕላኑ በጠፋ ሰሞን ለልጅህ ክርስትና አንተ ዘንድ እንደነበሩ አስታውስ።

እመቤቴ በያላችሁበት ትጠብቃችሁ። ሚስትህን ጥሩነሽን ሳምልኝ፤ ክርስትናውን እሷም እንዳትረሳው።

እህትህ የዓለምዘርፍ