የፓምፕ ክፍሉ ባዲል

ደማም፣ አል ነኺል
አርብ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሰዓት በኋላ ነው። ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት የመስኮቱን መስታወት ከውጭ አላብሶታል፤ ግቢው የሚታየኝ እንደ ጭጋግ ነው። ቤተሰቡ ኾባር ምሳ ተጠርተው ሄደዋል። እቤት የቀረነው እኔ ፓምፕ ክፍል፣ አብራኝ የምትሠራው አለሚቱ ማድ ቤት፣ የማዳም እናት ደግሞ አልጋቸው ላይ ናቸው። የሚረብሸኝ ሰው ስለሌለ ይህን እጽፍልሃለሁ።

ለቀድሞ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ብርድ ሲነካህ የሚነሳብህ የወገብ ሕመም እዚያ በክረምቱ አልባሰብህም? ሱቁስ እንዴት ነው? ባለቤትህስ ደህና ናት? ሰላምታዬን አድርስልኝ። ማን ናት ብትልህ አብራኝ የሠራች ሴት ናት በላት፤ ውሸት አይሆንብህም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለቅርብ ነገር መነጽር ማድረግ ጀምሬያለሁ። እጄ ግን እስካሁን አይንቀጠቀጥም።

ደብዳቤውን የምታደርስልህ ፍቅርአዲስ ናት። ኾባር ሰው ቤት ትሠራ የነበረችው፣ አንተን «የናፍጣው ሙሽራሽ» እያለች የምታበሽቀኝ። የመውጫ ፈቃዷ፣ ኹሩጇ፣ ወጥቶላት ነገ ትበራለች። ወንድሟ ኮምቦልቻ ስለሚኖር የአንተን ወሬ የማገኘው ከእሷ ነው። የጭነት መኪኖቹ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ሱቅ ከፍተሃል፣ «የናፍጣ ፓምፕ ጥገና» የሚል ሰማያዊ ሰሌዳም ሰቅለሃል አሉ። እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ያንን ሱቅ ሳላየው አውቀዋለሁ። አንተ ፓምፑን ስትፈታ፣ እኔ ከጎንህ ቫልቩን ስፈትን፣ ሾፌሮቹ ፊት ለፊት ሻይ እየጠጡ ሲጠብቁን ስንት ጊዜ አውርተንበታል።

በስልክም ልነግርህ እችል ነበር። በስልክ ግን ትስቃለህ፤ አንተ ስትስቅ እኔ የምለው ይጠፋኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት አሠሪያችን፣ ካፊላችን ኸጣብ ወደዚህ ክፍል መጣ። አሁንም ፓምፖቹን የጋራዥ ሠፈሩ፣ የሰናኢያው አቧራ እንዳይነካቸው እያለ ከጋራዡ ወደ ቤቱ ያመጣቸዋል፤ እኔም እንደተውከኝ እዚሁ አጥቤ፣ ገጥሜ፣ ፈትኜ እመልስለታለሁ። ስኳሩ እግሩን ስለጎዳው ገና እንደገባ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ደህና ቀን መሰለኝና የእናቴን ነገር አነሳሁበት። ዓይኗ እየጠፋ ነው። በስልክ «ሰው ሲመጣ እንደ ጥላ ነው የሚታየኝ» ትለኛለች። ጨርሶ ሳይጨልምባት ልድረስላት፣ ኹሩጄን ፈርምልኝ አልኩት። ስንት ዓመት የለመንኩትን ነው። እንደ ልማዱ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ተረጋግቶ ሰማኝ።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለኝ። «ባዲል አምጪና እፈርምልሻለሁ።»

ባዲል ማለት በቦታ የሚተካ ሰው መሆኑን ለአንተ አልነግርህም። እኔ ቤት ውስጥ ያለሁ ሴት ከየት አመጣለሁ ስለው ሳቀ።

«አለሚቱን አስተምሪያት። እሱ አንቺን አስተምሮ አይደል የሄደው?»

እሱ ያለው አንተን ነው።

ክፋት አልነበረበትም። የማውቀውን ነገር እንደሚያስታውሰኝ አድርጎ ነው የተናገረው። ያልገባኝ መስሎት አብራራልኝ። አንድ ረመዳን ማታ እንግዳ መቀበያው መጅሊስ ድረስ ሄደህ፣ የቤቱ ሠራተኛ ማንበብ ትችላለች፣ እጇም የረጋ ነው፣ ጊዜ ስጠኝና ሥራውን ለእሷ አስረክቤ ልሂድ ብለኸው ነበር። እሱ ሴት ምን ታውቃለች ብሎ ሲጠራጠር፣ አንተ ስለ እኔ ማልክለት። እስከዚያ ዕለት ድረስ ስለ እኔ የማለ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ቁጭ ብዬ የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ መልሼ ሳየው ሰነበትኩ። ወለል ስወለውል «እስቲ ይቺን መብራት ያዥልኝ» ብለህ ነው የጀመርከኝ። ማንበብ ትችያለሽ ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። ትምህርት ቤት እንዳልገባሁ፣ ፊደል የለየሁት ስኳርና ሳሙና ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ላይ መሆኑን እያፈርኩ ነገርኩህ። ፊትህ በራ። እኔ ወደድከኝ ብዬ ነበር።

ቫልቩን ያሳየኸኝን ቀን አስታውሰዋለሁ። አውራ ጣት የምታክል ብረት ናት። መብራት ሲመጣ ጥቅል ሽቦው ማግኔት ሆኖ መርፌውን ይስባል፣ መብራቱ ሲጠፋ ሞላው ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ፓምፑ ስንት ናፍጣ እንደሚውጥ የምትወስነው እሷ ናት አልከኝ። ዝም ብለሽ መብራቱን ከለቀቅሽባት ሄዳ ትላተማለች፣ ቶሎ ቶሎ እየሰጠሽ እየነሳሽ ያዣት፣ ያን ጊዜ መሐል ላይ ትቆምልሻለች ብለህ የመፈተኛውን ሳጥን ቁልፍ ከነእጄ ይዘህ አዞርከው። «ጆሮሽን ስጫት» አልከኝ። እኔ ሰጠሁ። የሰማሁት ግን የቫልቯን ድምፅ ብቻ አልነበረም።

ማዳም እንዳትሰማ ቀስ ብለን ነበር የምናወራው። ከሰናኢያ ስትመለስ በቴርሞስ ክዳን ከረክ ሻይ ታመጣልኝ ነበር፤ መንገድ ላይ ተደፍቶ ግማሽ ብቻ ይደርሳል። ያንን እኔ ፍቅር አልኩት። አንተ ምን ትለው እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርከኝም።

ከዚያ አንድ ጠዋት የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን ላሳድስ ብለህ ወጣህ። ብርድ ልብስህ ታጥፎ ነበር። ኋላ በሰው ስልክ ደውለህ፣ ኹሩጁ ድንገት ወጣልኝ፣ ዕቃዬን እንኳ ሳልይዝ ነው ያሳፈሩኝ፣ አንቺንም አስወጣሻለሁ አልከኝ። ድንገት የምትለዋን ቃል አምኜ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፍቅርአዲስ ስታማህ «ሰው የማይደርስበትን አትናገሪ» እያልኩ ተጣልቻታለሁ። ለአንተ ብዬ አንድ ፋሲካ ሙሉ ሳንነጋገር አልፈናል።

አንተ ከሄድክ በኋላ የደረሰብኝን ደግሞ ስማ። ሁለቱን ዓይነት ቫልቭ የምንለየው ማዳም በጣለችው የጥፍር ቀለም ነበር። መብራት በሌለበት ክፍት የሚሆነው ቀይ፣ ዝግ የሚሆነው ነጭ። ለዓይን አንድ ናቸው። ቀለሙ ማጠቢያው ውስጥ ለቀቀ፤ እኔም ሳላውቅ ዝግ የሚፈልገው ፓምፕ ላይ ክፍቱን ገጠምኩ። የቀጢፍ ዓሣ ጫኝ መኪና ነበር። የመኪናው ኮምፒውተር ቫልቯን ናፍጣ ቀንሺ ሲላት እየጨመረች፣ ሞተሩ መንገድ ላይ ቆመ፤ ዓሣው በዚያ ሙቀት እዚያው ሸተተ። ኸጣብ ግቢው መሐል፣ ልጆቹ ፊት ሰደበኝ። ስልኬንም ወስዶ እስከ አረፋ ድረስ አልመለሰልኝም።

አንተን ልጠይቅ አልችል ነገር። በየካርቶኑ ውስጥ ያለውን ብጣሽ ወረቀት ሰብስቤ፣ የማላውቀውን ቃል ከሥዕሉ ጋር እያገናኘሁ አነበብኩ። የተቃጠለ ቫልቭ በመጋዝ ከፍዬ ውስጡን አየሁ። በመጨረሻ አንዷን አፌ ላይ አድርጌ ነፋሁ። አየሩን ካሳለፈች ክፍት፣ ካላሳለፈች ዝግ። በቃ፣ ይኸው ነበር። የናፍጣው ጣዕም ምላሴ ላይ ሁለት ቀን ቆየ። ታውቀው ነበር? ታውቀው ነበር መሰለኝ። ለመንገር ጊዜ አጥተህ ነው፤ ችኩል ነበርክ።

መሄድህን አልወቅስህም። እዚህ ያለ ሰው በር ሲከፈትለት ባይወጣ ነው የሚገርመው። ያኔ ገና ልጅ የምወልድበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ፤ እሱንም አልወቅስህም፣ ቀኑ በራሱ ጊዜ ነው ያለፈው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ልጽፈው እየሞከርኩ ነው፤ እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላገኘሁም።

ስለ አለሚቱ ልንገርህ። የፍቼ ሴት ናት፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ትሆናለች። ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። አፏ አያርፍም። መጀመሪያ ቀን እዚህ ስትገባ ኤሲው ሥር ቆማ ቀሚሷን እያራገበች «እትዬ፣ እኔ ባሮጊቷ ዳይፐር ስታጠን አንቺ ገነት ውስጥ ተደብቀሽ ኖሯል?» አለችኝ። ቫልቭ ስፈትን ድምፁን ሰምታ ደግሞ «ቁርጥ አማቴን። ካልነኳት አትናገር፣ ከነኳት አታቆም» አለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሳቄ ነው።

እጇ ጥሩ ነው። ሞላዋን ስትይዝ አየሁ፤ አትቸኩልም፣ አትጫንም። ይህን ማየቴን ሳውቅ ደነገጥኩ። በማግስቱ ከማድ ቤት ለእሷ ብዬ ብስኩት በኪሴ ይዤ ገባሁ። ድምፄም ለስልሶ ነበር። መብራት ያዥልኝ ልላት አፌን ስከፍት የማን ድምፅ እንደሆነ ሰማሁት። ብስኩቱን ሳላወጣው ዋልኩ። ማታ ቀሚሴን ሳጥብ ኪሴ ውስጥ ተፈርፍሮ አገኘሁት።

እንግዲህ ያለሁበት ይኸው ነው። ዝም ብዬ ካስተማርኳት በጥቅምት እናቴ ደጅ እደርሳለሁ፤ ፊቴን በዓይኗ ባይሆን በእጇ ታየዋለች። ከነገርኳትና እምቢ ካለች እዚሁ ነኝ፤ ኸጣብ እንደሆነ ሌላ ሠራተኛ አያስመጣም፣ ማዳም ሁለት ሴት በዛብኝ እያለች ነው። አለሚቱ ደግሞ በእኔ ቦታ ከተቀመጠች ማን ይተካታል? ልጆቿ አድገው ይጠብቋታል።

የመኪናው ድምፅ መጣ፤ በሩን ልክፈትላቸው። የቀረውን ነገ እጨርሰዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19፣ ጠዋት

ዛሬ ገብርኤል ነው። በተኛሁበት ጸሎቴን አድርጌ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ነጠላዬን አውልቄ አጠፍኩት፣ የሥራ ቀሚሴን ለበስኩ። የማዳምን እናት አገላብጬ አንሶላቸውን ቀየርኩ። ግቢውን አቋርጬ ፓምፕ ክፍሉን ከፈትኩና ኤሲውን አበራሁ። ከዚያ አለሚቱን ጠራኋት።

እየሳቀች መጣች። እጇን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ስትሄድ፣ ተይው፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ አልኳት። ነገርኳት። ኸጣብ አንቺን በእኔ ቦታ ይፈልግሻል፣ ሥራውን ከቻልሽ እኔ እሄዳለሁ፣ አንቺ ባዲል እስክታገኚ ትቀሪያለሽ፣ መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም አልኳት። ደህና ጎኑንም አልደበቅኩም፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ማዳም አትገባበትም፣ ሙያው ደግሞ አገር ስትገቢ አብሮሽ ይሄዳል አልኳት። ከእኔ በፊት ሰው እንደነበረ፣ እሱም እኔን አስተምሮ እንደወጣ፣ ለምን እንደሚያስተምረኝ ግን እንዳልነገረኝ ነገርኳት።

ሳቋ ጠፋ። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ቫልቭ አንስታ አገላበጠቻትና መልሳ አስቀመጠቻት።

«ያ ሰውዬ ነግሮሽ ቢሆን ኖሮ እምቢ ትይው ነበር?» አለችኝ።

ጓንቴን ከጠረጴዛው አነሳሁ።

ፊቴን አየችኝ። «ተይው እትዬ፣ አትንገሪኝ» አለች። ልጆቹን ቁርስ አብልታ መልሷን እንደምትነግረኝ ነግራኝ ወጣች።

እኔ ጓንቴን አጠለቅኩ። ትናንት በጨርቅ የሸፈንኩትን ፓምፕ ገለጥኩና ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ። ፍቅርአዲስን ወደ ኤርፖርት የሚወስዳት ሾፌር ሊደርስ ሲል ጓንቴን አውልቄ ይህቺን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። የአለሚቱን መልስ ሳልሰማ ነው የማሽገው።

እግዚአብሔር ሱቅህን ይባርክልህ። ልጅ ወልደህም ከሆነ ያሳድግልህ። ወገብህን ከብርድ ጠብቅ። የዛሬው መልአክ ከአንተም፣ ከቤትህም አይራቅ።

በቦታህ የቀረሁት