ለመርሳ ሙቀት ከመሬት ሥር ንፋስ ያወጡት አቶ ገበየሁ አያሌው

አቶ ገበየሁ አያሌው ከአባታቸው ከአቶ አያሌው ይመር እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋዬ በላይ በሀብሩ ወረዳ ውርጌሳ በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲያርፉ ደብተሩን አስቀምጠው አካፋ አነሡ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ከውርጌሳ እስከ ወልድያ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ኖሩ።

በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፀዳለ መልካሙ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው መርሳ ላይ ቤት ሠሩ፤ ልጃቸውን ሂሩትንም ወለዱ። “ምነው ደገም ብታደርጉ” ለሚላቸው ሁሉ፣ “የአንዷ ምላስ ለሦስት ይበቃል” ብለው ይመልሱ ነበር።

ወ/ሮ ፀዳለ የስኳር ሕመም ከያዛቸው ወዲህ የመርሳ ሙቀት ጠናባቸው። አቶ ገበየሁ ደግሞ ከጉድጓድ ውስጥ ያገኙት አንድ እውቀት ነበራቸው፤ ላይ ፀሐዩ አናት ሲበሳ ታች አፈሩ ቀዝቃዛ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከጓሯቸው ብርቱካን ዛፍ ሥር እስከ መኝታ ቤቱ ከቁመታቸው በላይ የጠለቀ ቦይ ቆፍረው ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ቀበሩ። ጣሪያው ላይ ጥቁር የተቀባ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ አቆሙ። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው የቤቱ ሙቅ አየር በዚያ ይወጣል፤ በምትኩ መሬት ያቀዘቀዘው አየር በቱቦው ይገባል። መብራት አይፈልግ፣ ነዳጅ አይጠይቅ።

ሰፈሩ ሳቀ። “ገበየሁ፣ የጅብ ጉድጓድ ነው ወይስ የራስህ መቃብር?” ያሉት ዛሬ እዚህ ቆመዋል፤ ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፣ ራሳቸው ያውቁታል። በመጀመሪያው ክረምት ቱቦው ውኃ አቁሮ ቤቱ ሻገተ። ለካ ያለ ተዳፋት ቀብረውት ኖሯል። ሳቁ እጥፍ ሆነ። እሳቸው ግን ሁሉንም አውጥተው፣ ውኃው ወደ ታች እንዲወርድ አዘንብለው እንደገና ቀበሩት። በተከታዩ ግንቦት ወ/ሮ ፀዳለ ጋቢ ደርበው ተኙ። የሳቁትም “እስቲ ትንሽ ልረፍ” እያሉ ይመጡ ጀመር። ጎረቤታቸው ሐጂ ኑርሁሴን፣ “ማሻአላህ! አንተስ ደጋውን መርሳ አወረድከው” አሏቸው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ መርሳ ሲቀርብ ወ/ሮ ፀዳለና ሂሩት ወደ ደሴ ለመውጣት ተነሡ። አቶ ገበየሁ ቤት ጠባቂ ሆነው ቀሩ። ወ/ሮ ፀዳለ የኢንሱሊን ጠርሙሶቻቸውን በሙሉ በፌስታል ቋጥረው ነበር። “በመኪና ሙቀት ይበላሽብሻል። አንዱን ያዢ፤ ሌላው ቱቦው አፍ ላይ ይቀመጥልሽ። ለጥቂት ቀን አይደል?” አሏቸው አቶ ገበየሁ። “አንቱ ደግሞ ለዚህ ቱቦዎ!” ብለው እየሳቁ ሰጧቸው።

መንገዱ ተዘጋ። መብራቱም ስልኩም ጠፋ።

አቶ ገበየሁ በራቸውን ዘግተው ከቱቦው አፍ አጠገብ መዋል ያዙ። ጠዋት ጠዋት ጠርሙሶቹን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። ሰው በሌለበት ቤት “አልሞቀም፣ ፀዳለ” ሲሉ በአጥር በኩል ይሰማ ነበር።

የሐጂ ኑርሁሴን ልጅ ኢሕሳንም የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ መድኃኒቷ አለቀ። እናቷ ወ/ሮ ሀጂራ አጥሩ ላይ ቆመው፣ “ጋሼ ገበየሁ፣ ለአላህ ብለው!” ሲሉ፣ “የፀዳለ ነው፤ ዛሬ ነገ ትመጣለች” ብለው መለሷቸው። በማግስቱ ግን ማንም ሳይጠራቸው አጥሩን ተሻግረው ጠርሙሶቹን ሰጡ። ለወ/ሮ ፀዳለ አንዱን ብቻ አስቀሩ።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መንገዱ ሲከፈት ሂሩት ብቻዋን ገባች። ወ/ሮ ፀዳለ የያዙት መድኃኒት አልቆ፣ ሌላ ቢፈለግ ታጥቶ፣ በመስከረም ደሴ መጠለያ ውስጥ ዐርፈው እዚያው ተቀብረዋል። አቶ ገበየሁ የመጨረሻውን ጠርሙስ አንሥተው ለኢሕሳን ሰጡ። ተመልሰው የቱቦውን አፍ በድንጋይ ደፈኑና ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳ ላይ ተኙ። ፀሐዩ ሲበረታ ሂሩት “አባዬ፣ ሙቀቱ” ስትላቸው “ይሙቀኝ” ይሉ ነበር።

በግንቦት ልባቸው ደከመ። ወልድያ ታክመው ቢመለሱም አልተሻላቸውም። ኢሕሳን መጥታ ሳታስፈቅድ ድንጋዩን አነሣች።

“ተይው፣ ልጄ” አሏት።

“እርስዎ እኔን ተዉኝ እንዴ?”

አልጋቸው ወደ ውስጥ ሲገባም አልተቃወሙም። ሰኔ 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ቀትር ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ቱቦው አዙረው በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው ልጃቸው ሂሩት ገበየሁና እህታቸው ወ/ሮ ማህሌት አያሌው ቀርተዋል። ኢሕሳን ኑርሁሴንም ከቤተሰቡ ተቆጥራለች፤ ቅር የሚለው ካለ ለሂሩት ይንገራት።

ዕድሜ ልካቸውን የቆፈሩት አፈር ቀዝቀዝ ብሎ ይቀበላቸው። ነፍሳቸውንም አምላክ፣ መንገድ በማይዘጋበት አገር፣ ከወ/ሮ ፀዳለ ጋር ያገናኝልን። አሜን።