የሚያዝያን ባሕር ለዓሣ አጥማጆች ያነቡ የነበሩት ወይዘሮ ብፅዓት አስፋ

ወይዘሮ ብፅዓት አስፋ ከአባታቸው ከአቶ አስፋ ከበደ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገሪቱ ደስታ ሚያዝያ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. በአሰብ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከወሎ ወርደው በወደቡ ላይ የዕቃ ማራገፊያ ተቆጣጣሪ ሆነው ይሠሩ ነበር። እናታቸው የአሰብን ሙቀት እስከ ዕለተ ሞታቸው ሳይለምዱት ኖሩ፤ ወይዘሮ ብፅዓት ግን ከዚያ ሌላ አየር መኖሩን ያወቁት አድገው ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አሰብ ትምህርት ቤት ገብተው በ1972 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። በዓመቱ በከተማው የዓሣ ሀብት ቢሮ በጸሐፊነት ተቀጠሩ። ሥራው ጽሕፈት ይባል እንጂ ማለዳ ማለዳ የሚውሉት ወደቡ ላይ ነበር። የውሃውን ሙቀት ይለካሉ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያያሉ፤ ከባሕር የተመለሱትን ሰዎች ይጠይቃሉ። ከዚያ ሁሉንም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ማንበብ ለማይችሉት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ከሁሉ የሚከብደው የሚያዝያ ንባብ እንደነበረ ይናገሩ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ሲገፋ የከረመው ነፋስ በሚያዝያ ይሰበራል። ባሕሩ ሦስት አራት ቀን እንደ መስተዋት ይተኛል፤ ትንንሾቹ ዓሦች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ትልልቆቹም እነሱን ተከትለው ይመጣሉ። የዓመቱ እንጀራ የሚገኘው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ግንቦት ከገፋ ሙቀቱ ዓሣውን ወደ ጥልቁ ይወስደዋል። ነገር ግን ነፋሱ ጨርሶ አልሄደም። ደመና ሳያሳይ፣ እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ታናሽ ወንድማቸው ደጀኔ በስድስት ዓመት ያንሳቸዋል። እናታቸው በ1975 ዓ.ም.፣ አባታቸውም ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያርፉ፣ ወይዘሮ ብፅዓት ለወንድማቸው እናትም አባትም ሆኑ። አስተምረው ቢሮ ሊያስገቡት አስበው ነበር። እሱ ግን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ ጀልባ ላይ ወጣ። ተቆጡ፣ ለመኑ፣ ሽማግሌ ላኩበት። አልሆነም። በመጨረሻ፣ ካልቀረ የሚወጣበትን ባሕር አውቆ ይውጣ ብለው፣ ሰሌዳው ላይ ከመጻፋቸው በፊት ለሱ ቤት ውስጥ ይነግሩት ጀመር።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት አሰብን ለቀው ሁለቱም በጀልባ ጅቡቲ ገቡ። ደጀኔ ሥራው ባሕር ስለሆነ ኦቦክ በምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ቀረ። ወይዘሮ ብፅዓት በጅቡቲ ከተማ በአንድ የውጭ ዲፕሎማት ቤት የቤት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ቤተሰቡ በ1989 ዓ.ም. ወደ ጄኔቭ ሲዛወር እሳቸውንም ይዟቸው መጣ።

ጄኔቭ ውስጥ ግራንድ ሳኮኔ በሚባል ሰፈር በሚገኘው የቤተሰቡ መኖሪያ አምስት ዓመት ሠሩ። አሠሪዎቻቸው ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ይሁንና የመኖሪያ ካርዳቸው ከዚያ ቤት ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ ከቤቱ ከወጡ ከአገሩም እንደሚወጡ ያውቁ ነበር። ነጻ የሚሆኑት እሑድ ብቻ ነው። በአንዱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ፕላንፓሌ በሚባለው ሰፈር ትኖር ከነበረች ሂሩት ከምትባል የአገራቸው ልጅ ጋር በትራም ውስጥ ተዋወቁ። ሂሩት ወንድሟን አቶ ስምዖንን አስተዋወቀቻቸው። ጥር 1994 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ አቶ ስምዖን በመጋዘን ሠራተኛነት ወደሚኖሩበት ወደ ዙሪክ መጡ። በከተማዋ ዳርቻ ባለችው ሽሊረን ውስጥ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ቤት ተከራዩ። በ1995 ዓ.ም. አንድ ልጃቸውን ዮሐናን ወለዱ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮም በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ እስኪታመሙ ድረስ ሠሩ።

ደጀኔ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። አንዳንድ ዓመት ድምፁን ሳይሰሙ ፋሲካ ያልፋል። በ2006 ዓ.ም. ግን ኢንተርኔት ያለው ስልክ ገዛ፤ ዮሐናም የነፋስ ካርታ የሚያሳይ ፕሮግራም በእናቷ ስልክ ላይ ጫነችላቸው። ወይዘሮ ብፅዓት ያን ካርታ ሲያዩ ቀድሞ የሚያውቁት ሥራ እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ፣ ከሥራ ሲመለሱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ተቀምጠው፣ የነገውን የኦቦክ ባሕር አንብበው ድምፃቸውን ቀድተው ይልካሉ። ደጀኔ መልእክቱን ባሕሩ ዳር ጮክ አድርጎ ከፍቶ ያሰማ ነበር። አሰብ ያደጉት ዓሣ አጥማጆች አማርኛውን ለአፋሮቹ ይተረጉሙላቸዋል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆነ፤ ብዙ ቀን «አትውጡ» ብለው አስቀሩ፤ ተመርቀውበታልም።

ሚያዝያ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ማታ ካርታውን አዩ። ተጠራጥረው ሌላም ካርታ አዩ። ሁለቱም አንድ ነገር አሳዩ። የላኩት ድምፅ እስከ ዛሬ በስልካቸው ላይ አለ። «ደጀኔ፣ ነገ ቀኑን ሙሉ ጸጥታ ነው። ውሃው ሃያ ስምንት ዲግሪ ነው። ራቅ ብላችሁ ብትወጡም ችግር የለም» ይላል።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤታቸው ማረፊያ ክፍል ስልካቸውን ሲከፍቱ ካርታው ተለውጧል። ከባብኤል መንደብ በኩል ነፋስ ተነሥቷል። ደወሉለት፤ ስልኩ አይሠራም። ደጋግመው ደወሉ። ከዚያ ኦቦክ ባሕሩ ዳር ሱቅ ላለው ለአንድ የደጀኔ ወዳጅ ደወሉ። ሰውየው ደጀኔና እንድሪያስ የሚባለው የአሰብ ልጅ ጎሕ ሲቀድ እንደወጡ ነገራቸው፤ ከዚህ ሲታይ ባሕሩ ደህና ነው ብሎም አጽናናቸው። የሚመጣውን ከሱ ቀድመው ያወቁት እሳቸው ነበሩ። ለነደጀኔ ጀልባ እንዲልክ ለመኑት። በሩቅ ያለውን ማን ይደርስበታል አላቸው። ሌላ የሚደውሉለት ሰው አልነበራቸውም። የዕረፍት ሰዓታቸው አልቆ ስለነበር ወደ ማሽኖቹ ተመለሱ፤ እስከ ማታ አንሶላ ሲያጥፉ ዋሉ። በዘጠኝ ሰዓት ሰውየው ደውሎ ነፋሱ ኦቦክ መድረሱን ነገራቸው።

እንድሪያስን በሁለተኛው ቀን ሳንቡክ የሚባል አንድ የጭነት ጀልባ ከውሃ አወጣው። መናገር ሲችል መጀመሪያ የደወለው ለወይዘሮ ብፅዓት ነው፤ የሆነውንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ረፋዱ ላይ አድማሱ ላይ ያለው ውሃ ሲጠቁር እንመለስ ብሎት ነበር። ደጀኔ ግን «እትዬ ጸጥታ ነው ብላለች፤ ትንሽ እንቆይ» አለው። ጀልባው ከተገለበጠ በኋላ እስከ ምሽት ሁለቱም ይዘውት ቆዩ። ከዚያ ማዕበል ለያያቸው። እንድሪያስ ሲጣራ ደጀኔ ሁለት ጊዜ መለሰለት፤ ሦስተኛውን አልሰማም። ወይዘሮ ብፅዓት እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ ስላልደበቃቸው አመስግነው ስልኩን ዘጉ።

በቤታቸው ልቅሶ ተቀመጡ፤ ካህናት መጥተው ጸለዩ። ሰው ሁሉ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ይላቸዋል፤ እሳቸው «ውጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ» ይላሉ። ዮሐና አጠገባቸው ተቀምጣ «ማሚ፣ ነፋሱን አንቺ አልሠራሽውም» አለቻቸው። ራሷን ዳበሷት።

በግንቦት ከአቶ ስምዖን ጋር ኦቦክ ሄዱ። ለምን እንደሚሄዱ ሲጠየቁ «ባሕሩ ዳር እቆማለሁ» ብቻ ነበር መልሳቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ተሰብስበው ተቀበሏቸው። አንድም የወቀሳቸው የለም። ቢወቅሷቸው ይሻላቸው እንደነበር በኋላ ለአቶ ስምዖን ነግረዋቸዋል። አንድ ሽማግሌ አፋር እጃቸውን ጨብጦ ካጽናናቸው በኋላ፣ በድምፅ ብቻ የሚያውቃቸውን ሴት በዓይኑ በማየቱ ደስ ብሎት በተሰባበረ አማርኛ «ነገስ እንዴት ነው?» ሲል ጠየቃቸው። ሌሎቹም መልሱን ለመስማት ጠጋ አሉ። ወይዘሮ ብፅዓት በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አቶ ስምዖን ክንዳቸውን ይዘው ወደ መኪናው መለሷቸው።

ሽሊረን ሲገቡ ካርታውን ከስልካቸው አጠፉት። በዓመቱ መጋቢት ሲያልቅ ከኦቦክ መልእክቶች መምጣት ጀመሩ፤ እንደ ድሮው እንዲያነቡላቸው ይለምናሉ። ሁሉንም አዳመጡ፤ ለአንዱም አልመለሱም። ዮሐና ልትተካቸው ፈልጋ በራሷ አማርኛ አንብባ ድምፅዋን ቀዳች። እናቷ ሳይላክ እንድታጠፋው ለመኗት። እሷም ነገ እንደሳቸው እንዳትሆን ፈርተው ነበር።

ጥር 2017 ዓ.ም. ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። በየካቲት በዙሪክ ሆስፒታል ሲመረመሩ ሕመሙ ካንሰር መሆኑና ጉበታቸው ላይ መድረሱ ታወቀ። ሐኪሟ በጀርመንኛ ስትናገር የምታስተረጉመው ዮሐና ነበረች። መካከል ላይ አንዱን ሳትተረጉም አልፋ ቀጠለች። ወይዘሮ ብፅዓት ፊቷን አይተው «የዘለልሽውን ንገሪኝ» አሏት። ነገረቻቸው። ቀዶ ጥገና እንደማይደረግላቸውና የቀራቸው ጊዜ በወራት የሚቆጠር መሆኑን ከልጃቸው አፍ ሰሙ። ቤተሰቡ በየገዳሙ ስለት ተሳለ፤ ጸበል ከአገር ቤት አስመጣ፤ ሂሩት በየሳምንቱ ከጄኔቭ በባቡር ትመላለስ ነበር። የሚቻለው ሁሉ ተደረገ፤ ሕመሙን ግን ማንም አላቆመውም።

በሚያዝያ፣ ተመልሶ ባሕር ላይ የወጣው እንድሪያስ መልእክት ላከ። ወይዘሮ ብፅዓት መታመማቸውን አላወቀም። ዓሣው መውጣቱን፣ ባሕሩ ሦስት ቀን መተኛቱን፣ ሰዉ ለመራቅ መፈለጉን ተናግሮ «እትዬ፣ እባክዎ ያንብቡልን» አላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ ዮሐናን ስልኩን ወደ አፋቸው እንድታቀርብላቸው ነግረው፣ እያረፉ ይህን ላኩ፦ «እንድሪያስ፣ ነገ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር። ሲጠቁር ካያችሁ የማንንም ድምፅ አትስሙ፤ ተመለሱ።»

ከዚያ በኋላ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው እያሉ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወይዘሮ ብፅዓት ቁጥብ፣ ቃላቸውን የሚያከብሩ፣ የሰውን ልፋት የማይንቁ፣ በሚሠሩበት መኖሪያ የአረጋውያኑን ልብስ እንደ ወላጆቻቸው ልብስ አክብረው የሚይዙ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸውን አቶ ስምዖንን፣ ልጃቸውን ዮሐናንና እንደ እህት የሚወዷትን ሂሩትን በሐዘን ትተው ሄደዋል።

ስለ ወንድማቸው ሳይታመሙ በፊት የተናገሩት አለ። አስከሬኑን ስላላዩ ስሙ ከሙታን ጋር እንዳይነበብ፣ በሕይወት ካሉት ሐዘንተኞችም ጋር እንዳይነበብ ለአቶ ስምዖን ነግረዋቸው ነበር። ቤተሰቡ ስሙን የት እንደሚያደርገው ጨነቀው። ስለዚህ እዚህ ብቻውን ይነበባል፦ ደጀኔ አስፋ።

ነፋስንና ባሕርን የሚያዝዝ አምላክ የእናታችንን ነፍስ ከደጋግ እናቶች ነፍስ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።