የኦኬ አንድምታ

ለተወደድህ ወንድሜ ለኪሩቤል፤

ጤናህ እንዴት ነው? ያች ወገብህስ ተሻላት? ባለቤትህ አደይስ እንዴት ሰነበተች? ልጃችሁ ማኅሌትዬ ጥርስ አወጣች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

ወንድም ዓለም፣ እልል በልልኝ! አባባ ለባምላክ ሊድሩኝ ፈቀዱ። ያ የነገርሁህ፣ ባሕር ዳር ፋብሪካ የሚሠራው መካኒክ። ግን በቀላሉ እንዳይመስልህ!

ባለፈው ወር ሽማግሌ ሲልክ፣ ወጉን ሳያውቅ ራሱም አብሮ በጀልባ ቁንዝላ ከተፍ አለልህ። አባባ ለሽማግሌዎቹ «እስቲ እናስብበት» ቢሉ፣ እሱ ቀድሞ «ኦኬ!» አይል መሰለህ? እኔ ጓዳ ሆኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ። አባባ ኮስተር ብለው «በቅኔ መምህር ቤት ፍቺው ያልታወቀ ቃል አይነገርም። ጥንቱን ከነአንድምታው ይዘህ ተመለስ፤ የልጄን ነገር ያን ጊዜ እንነጋገራለን» አሉት። ሽማግሌዎቹ አፍረው ሄዱ። እኔም ቀረብኝ ብዬ ሳምንት ሙሉ አለቀስሁ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ደብተር ይዞ መጣ። ከአባባ ተማሪዎች ጋር ዋርካው ሥር ተቀምጦ፣ ላቡ እየወረደ ጀመረው። «አንድም እሺ ማለት ነው፤ አለቃዬ ሲያዘኝ እንደምለው። አንድም ተርፌያለሁ ማለት ነው፤ ባጃጅ ገፍቶኝ ስነሣ እንደምለው። አንድም ደህና ነው ግን አያስደንቅም ማለት ነው፤ ስለ ካፌው ሽሮ ሲጠይቁኝ እንደምለው።»

«ጥንቱስ?» አሉ አባባ። አሜሪካን አገር የዛሬ መቶ ሰማንያ ዓመት ገደማ ጋዜጠኞች «ሁሉም ትክክል ነው» የሚለውን እንግሊዝኛ ለቀልድ አጣመው ጽፈው፣ የመጀመሪያ ፊደላቱን፣ «ኦ»ንና «ኬ»ን፣ ብቻ አስቀሩ ብሎ አስረዳ። አባባ እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ! «እኔ ፊደል ያጣመመ ተማሪ ስገሥጽ ኖርሁ፤ የእነዚያን ጠማማ ዓለም ተቀበለው!» አሉ።

ቀጥለው «እርግጠኛ ነህ?» ቢሉት «አዋቂዎች እንዲህ ይላሉ እንጂ ከዚህ ያለፈውን አላውቅም» አለ። ለካ የሚጠብቁት ይችን ኖሯል! «አላውቅም ማለት የሚችል ሰው ልጄን አያታልላትም» ብለው ተነሥተው ሳሙት። እምዬም እልልታዋን አቀለጠችው።

ሠርጉ እሑድ ጥር 17 ነው። አንተ ግን ፈቃድ የለኝም እያልህ ሦስት ዓመት ቀረህ። አባባ አፍ አውጥተው አይናገሩም እንጂ ጀልባ በመጣ ቁጥር ወጥተው ያያሉ።

እምዬ አንተን ዐሥር ጊዜ ስማሃለች። ለአደይ ነጭ ጤፍ አስቀምጬልሻለሁ ብላለች። ማኅሌትዬን ጉንጯን ሳምልኝ። ባምላክም እጅ ነሥቷል።

ልቋጭ ስል አባባ ተጠጉና እንዲህ አሉኝ፦ «ምክንያት እንዳይደረድርልኝ። ትመጣለህ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ። ኦኬ ብቻ ብሎ ይላክ፤ ፍቺውን እኔ አውቀዋለሁ።»

እኅትህ ወለተ ሩፋኤል
ቁንዝላ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.