ሕመሙ ወፍ አልነበረም፦ የአቶ ዓምደ ሚካኤል ሀብተ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዓምደ ሚካኤል ሀብተ ሥላሴ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ወልደ ዮሐንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኪዳን ጽጌ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ዘጌ ተወለዱ። ቀኑ የሚካኤል በዓል ነውና ስም ለማውጣት ማንም አልተቸገረም። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ለቅስና ታስበው ነበር፤ ልባቸው ግን ብረት ላይ ነበረና በታንኳ ተሻግረው ባሕር ዳር ገቡ። በ1956 ዓ.ም. ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥረው የእንፋሎት ማሞቂያና የቧንቧ ጠጋኝ ሆኑ። በ1961 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፀሐይወርቅ አዘዘ ጋር በቁርባን ተጋብተው ዓባይ ማዶ ጎጆ ወጡ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለዱ።

በ1971 ዓ.ም. ሆዳቸው ተነፋ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ያየ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው፤ መርፌ እንዳታስነኩት፣ ይሞታል!» አለ። ከሐሙሲት የባህል መድኃኒት መጣ፤ አምነው ጠጡ፤ ባሰባቸው። እኔ ታናሽ እህታቸው እናትዓለም ግን ወንድሜ እያየኋቸው አይሞቱም ብዬ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ አዲስ አበባ ወሰድኋቸው።

ሐኪሞቹ ደም ከጉበት የሚወጣበት ሥር ተዘግቷል፣ ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ሕመም ነው አሉ። ወንድማችን መርፌውን ሲያዩ አሻፈረኝ አሉ። ከሐኪሞቹ አንዱ ዶክተር ግን አልተቆጡም፤ የወንድማችንን ሥራ ጠየቁና፣

«እሳቱ እየነደደ የእንፋሎቱ መውጫ ቢደፈን ምን ያደርጋሉ?» አሏቸው።

«ሌላ መውጫ እቀጥላለሁ ነዋ!»

«እኔም ለደሙ ሌላ መውጫ ልቀጥል ነው።»

«ታዲያ ይኸን መጀመሪያ አይነግሩኝም ኖሯል!» ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ።

አዲስ አበባ ያሉ የዘጌ ልጆች ደም ሰጡልን፤ ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ሆዳቸው ጎደለ፣ ወደ ማሞቂያቸውም ተመለሱ። ሥጋ እንዲቀንሱ ታዘው ነበር፤ ከፋሲካ በቀር ታዘዋል።

ባለፈው ክረምት ጉበታቸው ደከመ። ቆርበው፣ ቤተሰባቸውን መርቀው፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1981 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሽማግሌዎች የበሽታውን ነገር ተይው ብለውኝ ነበር። አልተውሁም፤ እዚሁ ለቅሶ ላይ «መርፌው ነው የጨረሳቸው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መርፌውማ ዐሥር ዓመት ጨመረላቸው። ከሕክምናው በኋላ የተወለደችው ልጃቸው አደይ ከእናቷና ከወንድሞቿ ጋር ይኸው አስከሬኑ አጠገብ ቆማለች፤ መርፌ ገደላቸው የሚል እሷን ይያት።

ደም የሰጣችሁን፣ ያስታመማችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለዚያ ሐኪምም ዕድሜ ይጨምርልን። አሜን።