ጠብቆ ወይስ ላልቶ? የ«ልብ ሰፊ» በረኛ የጋሽ መርፌ የሕይወት ታሪክ

በሰፈሩ ሁሉ ጋሽ መርፌ በሚለው ቅጽል ስማቸው የሚታወቁት ውድ ባለታሪካችን፣ ከማተሚያ ቤት ዘበኛ አባታቸውና የሆቴል አንሶላ ያጥቡ ከነበሩት እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት በ1940 ዓ.ም. ተወለዱ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ባለው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሂሳብ ጎበዝ እንደነበሩ ሁሉም ይስማማል። በቃል ጽሕፈት ላይ ግን ስምምነት የለም። ታላቅ እህታቸው «ፊደል ከፊደል አይለይም ነበር» ይላሉ፤ ባለቤታቸው ደግሞ «የኔ ባል? እንዴት ተደርጎ!» ብለው ይቆጣሉ።

በ1956 ዓ.ም. ከእህታቸው ጋር በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠሩ። እህታቸው የቁልፍ ቀዳዳ ይሠሩ ነበር፤ እሳቸው ከእጅጌና ከኮሌታ ጀምረው ሙሉ ኮት እስከ መስፋት ደረሱ። ቀጭንና ቀጥ ያሉ ስለነበሩ «መርፌ» የሚለው ስም የወጣላቸው እዚያው ነው።

በ1959 ዓ.ም. የስፌት ቤቶቹ ሠራተኞች የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። አምበል ሆነው የተመረጡት በከሰል ካውያ ልብስ ይተኩሱ የነበሩት የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ሲሆኑ፣ ጋሽ መርፌ በረኛ ሆኑ። ማልያውን የመስፋትም ኃላፊነት ተሰጣቸው። የቡድኑ ስም «ልብስ ሰፊ» እንዲሆን ተስማምተው፣ ፊደሎቹ ከነጭ ገበር ተቆርጠው በሰማያዊው ማልያ ደረት ላይ እንዲሰፉ ተወሰነ። ቡድኑ ለመጀመሪያው ግጥሚያ ወደ ሜዳ ሲገባ ግን በሁሉም ደረት ላይ የተጻፈው «ልብ ሰፊ» ነበር። «ስ» የለችም።

ተመልካቹ ሳቀ። «ሐኪሞች ናቸው እንዴ?» ያለም ነበር። የዚያን ዕለት አራት ለዜሮ ተሸነፉ። የተጋጣሚያቸው የአውቶቡስ ጋራዡ ቡድን ደጋፊዎች ከጎሉ ጀርባ ቆመው «መርፌ፣ ቀዳዳህ በዛ!» እያሉ ሲዘባበቱባቸው ዋሉ። ስሙ ግን እንደ ማስቲካ ተጣብቆ ቀረ፤ ይኸው ዛሬ የልጅ ልጆች ሳይቀሩ በዚሁ ስም ይጫወታሉ።

በዚያን ጊዜ ጋሽ መርፌ ክር የሚገዙት ከአንዲት የክርና የቁልፍ ሱቅ ሻጭ ነበር። የሚያስፈልጋቸው ባይኖርም አንድ ጥቅልል ሳይገዙ አያድሩም። በዚያ ሰሞን ማልያውን ለብሰው ሱቁ ድረስ መጥተው «‹ስ›ን ያስቀረኋት ሆን ብዬ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልቤን የሰፋሽው ግን አንቺ ነሽ። ይህ ያንቺ ስም ነው» አሏት። እኚሁ ሻጭ በ1962 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሆኑ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ጋሽ መርፌም የራሳቸውን ስፌት ቤት ከፍተው የተማሪ ደንብ ልብስና የሙሽራ ኮት እየሰፉ ልጆቻቸውን አስተምረዋል።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸው የቡድኑ አንጋፋዎች ሊጠይቋቸው መጡ። በጨዋታ መሃል የስሙ ነገር ተነሣ። አምበሉ ስሙን ሲጠሩ እንደ ሁልጊዜው «ፊ»ን አጠበቁ፤ ሰፋ ያለ ልብ ያለው፣ ቻይ፣ ታጋሽ እንደማለት። «ሽንፈት ለመቻል ያወጣነው ስም ነው። መርፌ ራሱ ነው እንዲህ ብሎ የነገረኝ» አሉ።

«ማልያው የተሰፋው ሳትጫወቱ ነው» አሉ እህታቸው። «ሽንፈቱን ማን ነገራችሁ?»

«በረኛችንን እናውቀው ነበራ!»

በሽተኛው ሳይቀሩ ሳቁ። እህታቸው ግን አልተዉም። «‹ስ› እና ‹ሰ› ከገበር ተቆርጠው ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንትያ ናቸው። ወንድምዓለም አንዷ በስህተት ሁለቴ የተቆረጠች መስላው አነሣት። ሁሉንም ማልያ እንዲሁ አደረገ። ‹እታለም፣ ለሰው እንዳትነግሪብኝ› ብሎ ለምኖኛል።»

በሰዋስው ከሄድን የአምበሉ ስም «ልበ ሰፊ» መባል ነበረበት። የእህታቸው ቃል ደግሞ ከቃል ጽሕፈቱ ጋር ይገጥማል። ነገር ግን ሁለቱም ሲከራከሩ ባለቤታቸው የመድኃኒቱን ብርጭቆ ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። እሳቸው ይህን ዘመን ሁሉ ስሙን በልባቸው የሚጠሩት አላልተው ነው፤ ልብን እንደ ልብስ በክር የሚሰፋ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሌላ ታሪክ መኖሩን የሰሙት ያን ቀን ነበር።

«እውነቱ የቱ ነው?» አሏቸው።

ጋሽ መርፌ ጣሪያውን አይተው «ለያንዳንዳችሁ ስናገር እውነት ነበር። አሁን የቱ እንደቀደመ ለኔም ተምታቶብኛል። አንቺስ የቱ ይሻልሻል?» አሉ።

«የሚሻለኝን አይደለም የጠየቅኩህ፤ የሆነውን ነው።»

ጋሽ መርፌ የባለቤታቸውን እጅ ያዙ። ከዚያም የእጅጌያቸውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳብሰው «ይቺ ቁልፍ ልትወድቅ ነው፤ መርፌ አቀብዪኝ» አሉ። ስለ ስሙ ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገሩም። ባለቤታቸውም ደግመው አልጠየቁም።

ጋሽ መርፌ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። ይህን ጽሑፍ ለማተም ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረም። ዛሬ በለቀስተኛው ፊት ጮክ ተብሎ ሊነበብ ነውና፣ አንባቢ ሆነው የተመረጡትም አምበሉ ናቸውና፣ ትናንት በቤቱ ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አምበሉ «ይህን ሁሉ ዘመን አጥብቄ የጠራሁትን ዛሬ እንዴት ላላላው?» አሉ። እህታቸው «ቢያጠብቁትም ቢያላሉትም፣ ስህተት ስህተት ነው» አሉ።

ባለቤታቸው ግን እንዲህ አሉ፦ «ሆን ብሎ ያድርገው፣ ይሳሳት፣ እኔ አላውቅም። ተሳስቶም ከሆነ ስህተቱን ለብሶ የመጣው ወደኔ ነው። ለኔ ሲሉ፣ ዛሬን ብቻ ያላሉልኝ።»

አምበሉ ለዛሬ ብቻ ተስማምተዋል።

ስለዚህ ጋሽ መርፌ የልብ ሰፊ በረኛ ነበሩ፤ ላልቶ ይነበብ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና ዋንጫ አይቶ የማያውቅ አንድ ቡድን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ለደከሙ ጣቶቻቸው ዕረፍትን፣ ለነፍሳቸው ብርሃንን፣ ሳይጠግቧቸው ለቀሩት ባለቤታቸውም መጽናናትን ይስጥልን።